የጎመን ውለታ

መስከረም ሲጠባ በቢቸናና በሞጣ ገበያ የሚገናኙ ሰዎች አስቀድመው የሚለዋወጡት ቃል «እንዴት ከረማችሁ?» የሚል ነው። ቃሉን ሁላችንም እንለዋለን፤ ብዙ ጊዜ ግን አናዳምጠውም። ከረመ ማለት ክረምትን አሳለፈ፣ ከክረምት ጋር ተያይዞ ቆየ ማለት ነው። እንግዲህ ጠያቂው የሚጠይቀው ስለ ደኅንነት ብቻ ሳይሆን ስለ አንድ የታወቀ ወቅት፣ ስለዚያም ወቅት ኑሮ ጭምር ነው። ዝናቡ ሲወርድ፣ ወንዙ ሲሞላ፣ ጎተራው ሲጎድል በምን ቆያችሁ ማለቱ ነው። መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሆናል፤ መልካም መልስ ነው። በምን እንደ ከረሙ ግን አይነገርም፤ ጎመን አይጠቀስም።

በዘመን መለወጫና በመስቀል ሰሞን ችቦ ተለኩሶ ወደ ቤት ሲገባ ደግሞ ጎመን ይጠቀሳል፤ የሚጠቀሰው ግን ለመባረር ነው። አባወራው የሚንቦገቦገውን ችቦ ይዞ ምሰሶውን፣ ጓዳውንና በረቱን እየዞረ ጎመንን ውጣ፣ ገንፎን ግባ ይለዋል። ልጆች ከኋላ ከኋላው እየተከተሉ ይስቃሉ፤ እናቶችም ከምድጃው አጠገብ ሆነው ይስቃሉ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስቄበታለሁ። ሣቁ ወደ ጥያቄ የተለወጠብኝ በቢቸና በአስተማሪነት በነበርኩበት ዘመን፣ በአንድ የመስቀል ሰሞን ነው። ችቦው በጓዳው በር በኩል ሲያልፍ ብርሃኑ በጓሮው ላይ ወደቀ፤ ውጣ የተባለው ጎመን በዚያ ቆሞ ነበር፤ ያውም ቢጫ አበባውን አንዠርግጎ፣ ከአደይ አበባ የማያንስ ጌጥ ለብሶ። ሐምሌንና ነሐሴን ያን ቤት ያበላ እርሱ ነበር። በዓል በደጅ ሲቆም ውጣ ተባለ። ይህ ውለታ ቢስነት አይደለምን? ነገሩ የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ የሚያልፈኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሕዝብ በጨዋታው የሚናገረውን ያህል በስብሰባው አይናገርምና ጨዋታውን መመርመር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመ፣ ብዙ ወንዞችን ወደ ዐባይ የሚያወርድ ተራራ ነው። ቢቸና ከእርሱ በስተምሥራቅ በእነማይ፣ ሞጣ በስተሰሜን በሁለት እጁ እነሴ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ናቸው። በቢቸና ዙሪያ ያለው ጥቁር መረሬ ውሃ ቋጥሮ የሚይዝ፣ በክረምት እግር የሚያሰምጥ፣ ለጤፍ ግን የተመቸ መሬት ነው። በባሕረ ሐሳብ ዘመነ ክረምት የሚባለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ድረስ ያለው ጊዜ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ የገበሬው ሀብት ሁሉ ከመሬት በታች ነው። ጤፉ ገና ይዘራል፣ ገና ይታረማል፤ የሚታጨደው ከኅዳር ወዲህ ነው። ያለፈው ዓመት እህል ከፊሉ ተበልቷል፤ ከፊሉ ለዕዳ፣ ለማዳበሪያና ለልጆች ደብተር ተሸጧል፤ ከፊሉም ዘር ሆኗል። ጎጃም የእህል አገር ነው ሲባል ሰምቶ በሐምሌ የሚመጣ እንግዳ ማሳው ለምልሞ ጎተራው ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ግራ ይጋባል።

ይህን ክፍተት የሚሞላው ጓሮ ነው። ጓሮ ከማሳ የሚለየው በስፋቱ ብቻ አይደለም። ማሳ በበሬ ይታረሳል፣ በደቦና በወንፈል ይታረማል፣ በአዋጅ ይለካል፣ ግብር ይጣልበታል። ጓሮ ግን በአብዛኛው በአንዲት ሴት እጅ፣ ከውሃ መቅዳትና ከእንጀራ መጋገር በተረፈ ሰዓት፣ በዝናብ መካከል ይሠራል። ቆሻሻ የምንለው ሁሉ እዚያ ሥራ ያገኛል። ከምድጃው የተዛቀ ዐመድ፣ ከበረቱ የተጠረገ አዛባ፣ የድንችና የዱባ ልጣጭ ወደዚያው ይጣላል። የደጋው አፈር በዝናብ ብዛት እየታጠበ ኮምጣጣ መሆኑን የእርሻ ባለሙያዎች ያስተምራሉ፤ ዐመድ ያን ኮምጣጣነት ማብረዱን ግን እናቶች ስም ሳይሰጡት ሲሠሩበት ኖረዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው አቤት ሲል ለማሳው የጭንቅ ጊዜ ነበር። ጓሮ የሚበላውን የሚያገኘው ከዚያው ከቤቱ ነውና የመጋዘን ቁልፍ አይጠብቅም።

በዚህች ጠባብ መሬት ላይ ስንቱ ተጨናንቆ ይኖራል! በአጥሩ ጥግ ጌሾ፣ ከጌሾው ሥር ጤና አዳምና ዳማ ከሴ፣ በአጥሩ ላይ የሚሳበው ዱባና ቅል፣ ከመካከል እሸቱ ለቡሄ ይደርሳል ተብሎ የሚጠበቀው በቆሎ፣ በጎኑ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፤ ከሁሉም በላይ ጎመን። ድንች እንኳ እንግዳ ነው፤ ወደ አገራችን ያመጣው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነበረው ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደ ሆነ ይነገራል። ጎመን ግን ባለቤት ነው። የሐበሻ ጎመን፣ በሳይንስ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ፣ ከሰናፍጭ ዘመድና ከጥቅል ጎመን ዘመድ በተፈጥሮ ተዳቅሎ የተገኘ ነው፤ የአንዱን 16፣ የሌላውን 18 ክሮሞሶም ይዞ 34 አለው። ይህን የዝምድና ሐረግ በ1935 እ.ኤ.አ. ያስረዳው ከኮሪያዊ አባት የተወለደው የጃፓን ተመራማሪ ናጋሃሩ ኡ ነበር። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. በካናዳ አንድ ትንሽ ጄት አውሮፕላን ከዚሁ ተክል ዘር በተሠራ ነዳጅ ብቻ በረረ፤ በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ የአውስትራሊያው ካንታስ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሜልቦርን ባደረገው በረራ ከነዳጁ አንድ ዐሥረኛ ያህሉ የዚሁ ዘር ዘይት ነበረበት። ከጓዳ ውጣ የተባለው ጎመን ሰማይ ወጣ ቢባል ማን ያምናል?

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በቢቸና የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ዕድሜያቸው የገፋ እናት ነበሩ፤ እኔ እማማ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። በሐምሌ አጋማሽ አንድ ማለዳ ጎመን ሲቀጥፉ በጓዳው በር ቆሜ አየሁ። የታችኛውን ቅጠል እየመረጡ ይቀጥፋሉ፤ ጫፉን አይነኩም። ከተክሎቹ መካከል ግን አምስት እግር ጎመን ነበሩ፤ ከሌሎቹ ሁሉ የወፈሩ፣ ቅጠላቸው የሰፋ፣ ትል ያልነካቸው። በእያንዳንዳቸው ግንድ ላይ የቀይ ጨርቅ ቅዳጅ ታስሯል። እማማ ወደ እነርሱ ሲደርሱ እጃቸውን ሰብስበው ያልፋሉ። ቅጠላቸውን ስንኳ አይቀጥፉም።

በዚያው ማለዳ ጎረቤታቸው ባዶ ሰፌድ ይዛ መጣች። ባሏ ታሞ ተኝቷል፤ አራት ልጆች አሏት። እማማ ከቀጠፉት ግማሹን በሰፌዱ ላይ አደረጉላት። የሴትዮዋ ዐይን ግን በአምስቱ ላይ ጥቂት ቆየ። እኔም አየሁ፤ እማማም አዩ። ማንም ምንም አላለም፤ ሴትዮዋ መርቃ ሄደች።

ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ። የተራበ ሰው ባለበት መንደር የሚቀመጥ ነገር ሁሉ ከተራበው የተወሰደ ነው የሚል ሐሳብ ከመጽሐፍ አግኝቼ ነበር፤ ድፍረትም አልጎደለኝም።

«እማማ፣ እነዚያን አምስቱን ለማን ነው የሚያስቀምጧቸው?» አልኳቸው።

«ለዘር ነው።»

«የሷ ልጆች ተርበው የለም እንዴ? ዘር ከልጅ ይበልጣል?»

አልተቆጡም፤ ቀና ብለው አዩኝ። «እነዚያ የሷም ናቸው እኮ ልጄ። ግንቦት ሲመጣ ዘር ይስጡኝ ብላ ከማን ደጅ ልትቆም ነው?» ብለው ቅርጫታቸውን አንሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ይህ መልስ ለብዙ ዓመታት አብሮኝ ኖሯል፤ ሁልጊዜ ግን አላረካኝም። በሐምሌ እህል የሚያስቀምጥ ነጋዴም አለና። እርሱም እጁን ሰብስቦ ያልፋል፤ እርሱም ቢጠየቅ ለኋላ ነው ይላል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ሥራ ሠሩ፤ የተራበ ሰው እያየ የሚበላ ነገር ከለከሉ። ልዩነቱ ወዴት ነው? በልብ ነው እንዳንል ልብ አይታይም። እኔ የደረስኩበት መለያ ይህ ነው፦ ዛሬ የተከለከለው ሰው በተቀመጠው ነገር ላይ ነገ ድርሻ አለውን? ነጋዴው የሚያስቀምጠው ዋጋው እስኪወጣ ነው፤ ዋጋው በወጣ ጊዜ ያቺ ሴት ከፊተኛው ይልቅ ከእህሉ ትርቃለች። እማማ የሚያስቀምጡት እስኪያፈራ ነው፤ ባፈራ ጊዜ ሴትዮዋ ትቀርባለች። እንዲህ ከሆነ ዘንድ ማስቀመጥ ሁሉ ስስት አይደለም፣ መስጠትም ሁሉ ቸርነት አይደለም። የመጨረሻውን ዘር በሐምሌ አብስሎ የሰጠ ሰው በግንቦት የሚለምኑት ደጅ እንዳይኖር አድርጓል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቶሎ መደሰት አይገባም። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የእህል ዘር ሰብስቧል፤ አገራችንንም ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት እንደ አንዷ ቆጥሯታል። ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር በተከበበች ጊዜ እርሱ ባደራጀው የዘር ማኅደር ይሠሩ ከነበሩት ሰዎች በርካታዎቹ በስንዴና በሩዝ ከረጢት መካከል ሆነው በረኀብ ሞቱ፤ ዘሩን አልበሉም። ቫቪሎቭ ራሱ በ1943 እ.ኤ.አ. በሳራቶቭ እስር ቤት አረፈ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎች በነገርኩ ቁጥር ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሆኖም እነዚያ ሰዎች የከለከሉት የራሳቸውን አፍ ነበር። የእማማ ነገር ከዚህ ይከብዳል፤ የጎረቤትንም ልጆች አፍ ነክተዋልና። ሰው ለራሱ ጀግና መሆን ይችላል፤ በሌላው ልጅ ረኀብ ጀግና መሆን ግን ማንም አልፈቀደለትም።

ስለዚህ የአምስቱ ጎመን ሥርዐት የሚጸናው ስድስተኛውና ሰባተኛው እስካሉ ድረስ ብቻ ነው እላለሁ። እማማ ከቀሪው ግማሹን ሰጥተዋል፤ ያ ግማሽ ባይኖር ኖሮ ቀዩ ጨርቅ መፈታት ነበረበት። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ በወሎና በሌላውም አካባቢ ገበሬው ዘሩን በላ። ማን ይፈርድበታል? ይልቁንስ የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ያን የመሰለ ፍርድ በአንዲት እናት ትከሻ ላይ ለምን ይወድቃል? በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው የዕፀዋት ዘር ማዕከል በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት ድርቅ ከመታቸው አካባቢዎች ዘር እየሰበሰበ ማኖሩና ገበሬውም በገዛ ማሳው የአገሩን ዘር እንዲጠብቅ አብሮ መሥራቱ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነበር። ዶክተር መላኩ በ1989 እ.ኤ.አ. በዓለም የታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት በዚህ ሥራ ነው። ዘር ጠብቁ ብሎ የሚያስተምር ካድሬም ሆነ መምህር፣ እኔንም ጨምሮ፣ አስቀድሞ ድስቱ ባዶ አለመሆኑን ማየት አለበት።

ከዚህ የሚቀጥል አንድ ሌላ ነገር አለ። ስለ ጎመን ውለታ መናገር ራሱ አደጋ አለው። «ጎመን በጤና» የሚለውን ምሳሌ ማን እንደሚናገረው ልብ እንበል። ከጎመን ሌላ የሌለው ሰው ሲናገረው መጽናኛ ነው፤ ክብሩን የሚጠብቅበት ቃል ነው። ሥጋ ከበላ አፍ ሲወጣ ግን ድኻውን ባለበት እርጋ ማለት ነው። በቀድሞው ሥርዐት በዓል በመጣ ቁጥር ለባለ ጉልቱ መተያያ ይቀርብ ነበር፤ ማሩም፣ በጉም፣ ጌሾውም ከገበሬው ደጅ ወጥቶ ይሄዳል። ከቢቸና የማትርቀው ዲማ በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ለአንባቢ ሁሉ የታወቀች ናት፤ በዚያ መጽሐፍ ገበሬዎቹ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ መነሣታቸው ከደራሲው ምናብ ብቻ የመነጨ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣና የቢቸና ገበሬ መሣሪያ አንሥቶ አልገብርም ብሏል፤ ጦርም ተልኮበታል፤ ኋላም ውዝፉ ግብር ተትቶለታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ የባለ ጉልቱ መተያያ አብሮ ቀረ። ስለ ማሳው ትግል ብዙ ተጽፏል። በዚያ ዐመፅ ክረምት ባሎቻቸው ጫካ የገቡ ሴቶች ልጆቻቸውን በምን እንዳከረሙ ግን እኔ ባነበብኩት ውስጥ አላገኘሁም፤ መገመት ግን አያዳግትም።

እንግዲህ ችቦ ይዞ ጎመንን ውጣ የሚለው አባወራ ተክሉን የሚሰድብ አይመስለኝም። የሚያባርረው ምርጫ ማጣትን ነው። በመስከረም ሰው ጎመን ቢበላ ወዶ ነው፤ በሐምሌ ሲበላ ግን ሌላ ስለሌለው ነው። ይህን ሌላ የሌለውነት ከቤቴ ውጣ ማለት መብቱ ነው። እንዲያውም ትእዛዙ ድፍረት አለበት። የአገራችን ዘመን የሚለወጠው ከአጨዳ ሁለት ወር አስቀድሞ ነው፤ ገንፎ ግባ ሲባል ገብሱ ብዙ ጊዜ ገና በማሳ ነው። ገና ላልደረሰ እንግዳ በር ይከፈትለታል። በዚህ ሰሞን በግ በዱቤ የሚገዛ፣ ለበዓል ተበድሮ በታኅሣሥ እጥፉን የሚከፍል ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ያን አላመሰግንም። ነገር ግን በዓሉን ሙሉ በሙሉ ከጎተራው ልክ ቁረጡ የሚለውንም አልደግፍም።

አንድ የእርሻ ባለሙያ ወዳጄ በሞጣ አቅራቢያ አንድ ጓሮ ሲጎበኝ ክንድ በማትሞላ ቦታ እንሶስላ ተተክሎ አየና በዚህ ላይ ድንች ቢተከል ይህን ያህል ኪሎ ይገኝ ነበር ብሎ አስልቶ አሳየኝ። ስሌቱ ትክክል ነበር። እንሶስላ አይበላም፤ ሥሩ ተወቅጦ የልጃገረዶችን እጅና እግር ያቀላል እንጂ። በጳጉሜን ሴቶች ልጆች እጃቸውን ጠቅልለው ያድራሉ፤ ማለዳ ፈትተው እያነጻጸሩ ይሳሳቃሉ። በዋዜማው እንግጫ ለመንቀል ወደ መስክ ሲወርዱ ያ የቀላ እጅ ነው ከሣር ውስጥ የሚታየው። እናቶቻቸው በግንቦት፣ መጪው ክረምት እንደሚርብ እያወቁ፣ ያችን ክንድ መሬት ከድንች ቀንሰው ሰጥተዋል። ወዳጄን ስሌትህ ውስጥ የልጅቱ እጅ የታለ ብዬ ብጠይቀው ሣቀ። ድንቹን ግን ከወረቀቱ አልሰረዘም፤ እኔም ሰርዝ አላልኩትም። ሁለታችንም በዚያ ክረምት ጠግበን ያደርን ነበርንና ፍርዱን ለባለ ጓሮዋ መተው ይሻላል።

አሁን ወደ ውለታ እንመለስ። ሮማዊው ሴኔካ ስለ ውለታ ሰባት መጻሕፍት ጽፏል፤ በዚያም ውለታ በተሰጠው ነገር ላይ ሳይሆን በሰጪው ፈቃድ ውስጥ ይገኛል ይላል። በእርሱ አነጋገር ከሄድን ጎመን ውለታ አልዋለም፤ ፈቃድ የለውምና። ብናመሰግንም የምናመሰግነው የተከለችውን ነው። ይህ አስተሳሰብ ንጹሕ ነው፤ የአማርኛ ቃላችን ግን ሌላ መንገድ ያሳያል። እኛ ውለታ ሰጠኝ አንልም፤ ውለታ ዋለልኝ እንላለን። ስጦታ በአንድ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ውለታ ግን ይዋላል፤ ውሎ ነው፤ ጊዜ ነው። የዋለልን ነገር ከእኛ ጋር ቀኑን የቆየ ነው። በዚህ አነጋገር ጎመን ዋለ፤ ዋለ ብቻ ሳይሆን ከረመ። ያዋለችው ደግሞ ዝናብ እየመታት በጓሮው የቆመችው ሴት ናት። ጎመንንና ሴቲቱን ለይቶ አንዱን ማመስገን በወረቀት ላይ ይቻላል፤ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ግን ሁለቱን የሚለይ ድንበር አላየሁም።

እኔን ያሳፈረኝም ይህ ነው። የጎመን ስም ሲጠራ የሚሣቀው ሣቅ ሳይታወቀን ጎመን ለተከለችው ይተርፋል። ማሳ ያረሰ ገበሬ ይባላል፤ ጓሮ ያለማች ግን የቤት እመቤት ትባላለች። በሽልማት ቀን ስሙ የሚጠራው በሄክታር ብዙ ኩንታል ያስገባው ነው፤ ይገባዋልም። ኅዳር እስኪደርስ ድረስ ያንኑ ሰው በእግሩ ያቆመችው ግን በአዳራሹ ጀርባ ጠላ ትቀዳለች፤ ጌሾውም የእሷ ነው።

ከችቦው ምሽት በኋላ እማማን ነገሩን አንሥቼ ጠይቄአቸዋለሁ። ክረምቱን ሁሉ ያበላዎትን ጎመን ውጣ ሲሉት አያሳዝንዎትም ወይ አልኳቸው። «ከድስቱ ነው እንጂ ከመሬቱ መች ውጣ አልነው?» ብለው ሣቁ። ደግሞም ከድስቱ ቢሆን ሩቅ አልሄደም፤ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ በምሳ ሰዓት ቀርቦ በላሁት።

በዋዜማው ለበዓሉ እንጀራ ሲጋግሩም አይቼ ያላስተዋልኩት ነገር ነበር። ምጣዱ ሲግል ከአንዲት ትንሽ ቅል ጥቁርና ቡናማ ፍሬ ቆንጥረው ደቁሰው በምጣዱ ላይ ይበትናሉ፤ በጨርቅም ያሹታል። እንጀራው እንዳይዝ ነው። ይህን በአገራችን በየቤቱ ሲደረግ ስላየሁት ምን እንደ ሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጎመን ዘር ነው። ያለፈው ዓመት አምስት እግር ጎመን ፍሬ፣ ከዘር የተረፈው። ጎመን ይውጣ በተባለበት ምሽት በሞሰቡ የነበረው እንጀራ ሁሉ በእርሱ ላይ ተጋግሮ ነበር።

በታኅሣሥ እነዚያን ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸውን ደረቅ ግንዶች እማማ አጭደው በሰፌድ ላይ አሹአቸው። ፍሬው በሁለት እጅ የሚታፈስ ያህል ሆነ። ከፊሉን በቅሏ አደረጉ፤ የቀረውን በጨርቅ ቋጥረው ጢስ እንዲያገኘው ከምድጃው በላይ ከጣሪያው ማገር ላይ ሰቀሉት። የበጋው ወራት እስኪያልፍ ያ ቋጠሮ በጥላሸት ጠቁሮ ከራሳችን በላይ ተንጠልጥሎ ኖረ። በግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ በማግስቱ ጎረቤትዬዋ መጣች፤ ባሏ ድኖ ነበር። እማማ ቋጠሮውን ፈትተው አንድ ጭብጥ ዘር በነጠላዋ ጫፍ ላይ አፈሰሱላት። ሴትዮዋ የነጠላዋን ጫፍ ቋጥራ፣ ዝናቡ ሳይደግም ልዝራው ብላ፣ ቡናው ሳይፈላ ሄደች።